የ1449ኙ የንጉሥ አልፎንሶ ሜዳልያ፦ በእጅዎ ያለው የቱ ነው?

ጥያቄው ይህ ነው፦

«የምኖረው ሮም ነው። በቅርቡ ያረፉት አጎቴ ናፖሊ ሲሠሩ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የገዙት ከባድ የነሐስ ክብ ነገር ትተውልኛል። በአንድ በኩል አፍንጫው ጎበጥ ያለ ሰው አለ። በሌላው በኩል ንስርና የሞተ ሚዳቋ አለ። ዙሪያው ላይ አልፎንሱስ የሚል ስም ይነበባል። ስፋቱ 10 ሴንቲ ከ6 ሚሊሜትር ነው፣ ከላይ ትንሽ ቀዳዳ አለው። የወንድሜ ልጅ ስልኩ ላይ ፈልጎ የሮማው ቁጥር አጻጻፍ ስህተት ስለሆነ ፎርጅድ ነው አለኝ። ሳንቲም ነው? እውነተኛ ነው? በሎሚ ላጽዳው? አዲስ አበባ ላለች እናቴ ልወስድላት አስቤያለሁ። ደግሞ አጎቴ ይህ ንጉሥ ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጋር ይጻጻፍ ነበር ይሉ ነበር። እውነት ነው?»

በመጀመሪያ ሎሚውን ያስቀምጡት። ሌላው ጥያቄ ሁሉ መልስ እስኪያገኝ መጠበቅ ይችላል፣ ይኼ ግን አይጠብቅም። አሮጌ ነሐስ ላይ ያለው ቡናማ ወይም ጠቆር ያለ ሽፋን ቆሻሻ አይደለም። ብረቱ ከአየርና ከሰው እጅ ጋር ብዙ ዘመን ሲኖር ያበጀው ቆዳ ነው። ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ አመድ፣ የነሐስ ማጽጃ ክሬም ሁሉም ይገፍፉታል። አንዴ ከተገፈፈ እንደነበረ የሚመልሰው ባለሙያ የለም። ዕድሜውን ከምንገምትባቸው ምልክቶች አንዱም አብሮ ይጠፋል። አቧራ ካለው ለስላሳ በሆነ ደረቅ ብሩሽ ይጥረጉት። በቃ።

አሁን ወደ ዕቃው። የገለጹልኝ ነገር ሳንቲም አይደለም፣ ሜዳልያ ነው። ሜዳልያ ሲባል ለአትሌቶቻችን አንገታቸው ላይ የሚጠለቅላቸው ይታወሰን ይሆናል። ይኼኛው ግን ለአሸናፊ የሚሰጥ አይደለም፣ ዕቃም አይገዛበትም። አንድ ገዥ መልኩን፣ በሌላው ፊት ደግሞ ሰው ስለ እሱ እንዲያምን የሚፈልገውን ነገር በብረት አስቀርጾ ለወዳጅ፣ ለሹም፣ ለሌላ አገር ቤተ መንግሥት የሚሰጥበት ነው። ሰው በእጁ ይዞ ያገላብጠዋል፣ ያነበዋል፣ መልሶ ሣጥኑ ውስጥ ያስቀምጠዋል።

በእርስዎ ሜዳልያ ላይ ያለው ሰው አልፎንሶ 5ኛ ነው። በ1396 ተወለደ፣ በ1416 የአራጎንን፣ በዛሬዋ ስፔን የነበረውን መንግሥት፣ ዙፋን ወረሰ። ከረጅም ጦርነት በኋላ በ1442 ናፖሊን ያዘ፣ በ1458 እስኪሞት ድረስም መቀመጫው እዚያው ሆነ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፍልዎት። የሜዳልያው ሠሪ ፒሳኔሎ ይባላል፣ ሙሉ ስሙ አንቶንዮ ፒሳኖ። ሙያው ሥዕል ነው። በ1438 የቢዛንታይኑ ንጉሠ ነገሥት ዮሐንስ 8ኛ ፓላዮሎጎስ ለቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ወደ ጣሊያኗ ከተማ ፌራራ ሲመጣ ፒሳኔሎ መልኩን ነደፈ። ከዚያ ንድፍ የተሠራው ሜዳልያ ለዚህ ጥበብ ዋናውን በር ከፈተ። ቀደም ብሎም ሙከራዎች ነበሩ፣ ለምሳሌ የፓዶቫ ገዥዎች በ1390 ያሠሯቸው። ነገር ግን የፌራራ፣ የማንቱዋና የሚላኖ መሳፍንት «ለኔም ሥራልኝ» ማለት የጀመሩት ከፒሳኔሎ በኋላ ነው።

ናፖሊ ሲደርስ ስሙ የገነነ ሰው ነበር። አልፎንሶም እንዲሁ አልተቀበለውም። በየካቲት 1449 በጻፈለት የሹመት ደብዳቤ በዓመት 400 ዱካት (የዘመኑ ገንዘብ) ደመወዝ ቆረጠለት። ይህን ቁጥር ያስታውሱት፣ ስለ ንስሩ ስናወራ እመለስበታለሁ።

አልፎንሶ ሜዳልያ የወደደበት ምክንያት ነበረው። የጥንት ሮማውያን ሳንቲም ሰብሳቢ ነበር። የቄሳሮችን ሳንቲሞች በዝሆን ጥርስ ሣጥን ይዞ ይዞር እንደነበር የቤተ መንግሥቱ ጸሐፊ መዝግቦለታል። በነዚያ ሳንቲሞች በአንደኛው ፊት የንጉሠ ነገሥቱ መልክ አለ፣ በሌላው ፊት ደግሞ ድሉ፣ ሰላሙ ወይም ለጋስነቱ። ፒሳኔሎ ሐሳቡን ወሰደና አሰፋው። ትልቁ የሮማ የነሐስ ሳንቲም ከ3 ሴንቲሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። ይህ ሜዳልያ ግን ወደ 11 ሴንቲሜትር ይደርሳል፣ መዳፍ ይሞላል።

እስቲ ፊቱን በመስኮት አጠገብ፣ ብርሃን ከጎን እንዲመታው አድርገው ይያዙት። ንጉሡ ወደ ቀኝ ዞሯል። ጸጉሩ በጆሮው ዙሪያ እኩል ተከርክሟል። ጥሩር ለብሷል። ከኋላው የራስ ቁር አለ፣ በላዩም የተከፈተ መጽሐፍ ይታያል። መጽሐፉ የአልፎንሶ የግል ዓርማ ነው፤ ማንበብ ይወድ ነበርና። እዚያው ቁሩ ላይ ጨረር የምትረጭ ፀሐይም ትታያለች። ከፊቱ ደግሞ ዘውድ አለ። ዘውዱ ጭንቅላቱ ላይ አለመሆኑን ያስተውሉ። የሮማ ቄሳር እንኳ ሳንቲም ላይ የሎሬል ጉንጉን ይደፋል። አልፎንሶ ግን ባዶ ራሱን ነው፣ ዘውዱና የራስ ቁሩ በግራና በቀኝ ተቀምጠውለታል። በኔ ግምት ፒሳኔሎ ይህን ያደረገው አስቦበት ነው። ሹመቱንና ጦረኛነቱን ከሰውየው ለይቶ አስቀመጣቸው፣ መሃሉን ለፊቱ ተወ። የተዘጋውን አፍና የከበደውን የዓይን ቆብ ሲያዩ ሃምሳውን ያለፈ፣ ብዙ የሠራና ብዙ የደከመው ሰው ይታይዎታል። ፒሳኔሎ ፊቱን ሊያሳምርለት አልሞከረም።

ከላይ ያለው ጽሑፍ «ዲቩስ አልፎንሱስ ሬክስ» ይላል፣ መለኮታዊው ንጉሥ አልፎንሶ እንደ ማለት ነው። ከታች ያለው ደግሞ ድል አድራጊና ሰላም ሰጪ ይለዋል። «ዲቩስ» የሚለው ማዕረግ በሮማ ሳንቲሞች ላይ የሚሰጠው ሞተው ከአማልክት ለተቆጠሩ ቄሳሮች ነበር። በሕይወት ያለ ክርስቲያን ንጉሥ ለራሱ ሲወስደው ድፍረት ነው። ድል አድራጊ መባሉ ደግሞ ባዶ ሙገሳ አይደለም። በየካቲት 1443 በጥንት ሮማውያን ወግ በሠረገላ ተቀምጦ ናፖሊ ገብቷል። እርስዎም ናፖሊ ሲሄዱ ካስቴል ኑዎቮ በሚባለው ግንብ በር ላይ ያለውን ነጭ የእምነበረድ ቅስት ቢያዩ ያ አገባብ ተቀርጾ ያገኙታል። አጎትዎ በዚያ በር ደጋግመው ሳያልፉ አልቀሩም።

ፊቱ ላይ በሮማ ቁጥር ወደ ተጻፈው ዓመት፣ ወደ 1449፣ ልሂድ። የወንድምዎ ልጅ መጠየቁ ጥሩ ነው። መልሱ ግን እሱ እንዳሰበው አይደለም። ዛሬ ትምህርት ቤት የምንማረው የሮማ ቁጥር 400ን ከ500 ላይ 100 ቀንሶ በሁለት ፊደል ይጽፋል። በዚያ ዘመን ግን መደርደር የተለመደ ነበር፣ አራት መቶው በአራት ሲ፣ ዘጠኙም በቪና በአራት አይ ይጻፋል። ፒሳኔሎ የጻፈው እንደዚያ ነው። ስለዚህ የእርስዎ ሜዳልያ በዚህ በኩል ከዋናው ጋር ይስማማል። የሚያስጠረጥረኝ ዘመናዊው አጻጻፍ ቢሆን ነበር። ፓሪስ፣ ሉቭር ቤተ መዘክር ያሉት የፒሳኔሎ ንድፎች ላይ ዓመቱ 1448 ተብሎ የተጻፈበት አለ። ሥራው ከወረቀት እስከ ነሐስ ጊዜ እንደወሰደ ከዚህ ይገባናል።

አሁን ያገላብጡት። እኔ ከዚህ ሜዳልያ በጣም የምወደው ይኼኛውን ፊት ነው። ንስሩ ከፍ ብሎ ጉቶ ላይ ቆሟል። ከሥሩ የሞተች ትንሽ ሚዳቋ ተጋድማለች። ዙሪያውን ሌሎች አዳኝ ወፎች ተሰብስበዋል፣ ንስሩን እያዩ ይጠብቃሉ። ንስሩ አይበላም። ጭንቅላቱን አቅንቶ ወደ ሌላ ያያል። በአሮጌ የእንስሳት ተረት ንስር ያደነውን ብቻውን አይጨርስም፣ ለሚከተሉት ወፎች ይተውላቸዋል ይባላል። ጽሑፉም «ሊበራሊታስ አውጉስታ» ነው፣ ንጉሣዊ ለጋስነት። ቃሉ በቀጥታ ከሮማ ሳንቲሞች የመጣ ነው፣ ቄሳሩ ለሕዝቡ ገንዘብ ሲያድል የሚቀረጸው በዚህ ስም ነበር። አልፎንሶን ታሪክ የሚጠራውም «ልበ ሰፊው» በሚል ቅጽል ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ንጉሡ ለጋስ ነኝ እያለ ነው» ብሎ ያልፋል። ትንሽ ጠጋ ይበሉ። በዚሁ ፊት ላይ ሌላም ጽሑፍ አለ፦ የሠዓሊው የፒሳኖ ሥራ። ስሙን የጻፈው ከንጉሡ ፊት ጋር አይደለም፣ ንስሩና ወፎቹ ባሉበት ነው። እነዚያ ወፎች እነማን ናቸው? ሹማምንቱ፣ ጸሐፊዎቹ፣ ሊቃውንቱ፣ በንጉሡ ማዕድ የሚኖሩት ሁሉ ናቸው። በዓመት 400 ዱካት የተቆረጠለት ሠዓሊም ከነሱ አንዱ ነው። ለኔ ይህ ፊት ሙገሳ ብቻ ሆኖ አይታየኝም፣ ስለ አንድ ቤተ መንግሥት አኗኗር የተሰጠ ግልጽ ምስክርነት ጭምር ነው። የሚሰጠው ከፍ ብሎ ይቆማል፣ የሚቀበሉት ዓይናቸውን ከሱ ላይ አይነቅሉም፣ ሚዳቋዋ ግን ሞታለች። ናፖሊ በጦርነት የተያዘች ከተማ ነበረች። የሚታደለው ከዚያ ድል የተገኘው ነው።

እንግዲህ «እውነተኛ ነው?» ወደሚለው እንምጣ። ይህን ለመመለስ አሠራሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ሳንቲም በመዶሻና በተቀረጸ ብረት ተመትቶ ይወጣል። ይህ ሜዳልያ ግን የፈሰሰ ነው። ሠዓሊው ሁለቱን ፊት ለየብቻ በሰም ይቀርጻል፣ ብዙ ጊዜ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ። ከዚያ በደቃቅ አሸዋና ሸክላ ፎርማ ይወጣለታል። ሁለቱ የፎርማ ግማሾች ይገጠማሉ፣ የቀለጠ ነሐስ ይፈስባቸዋል። ሲበርድ ጠርዙ በሞረድ ይስተካከላል፣ ጉድለቱ በመሮ ይነካካል፣ ገጹ ቀለም እንዲይዝ ይደረጋል። የእኛ አንጥረኞች በሰም ሞዴል የመስቀል ነሐስ ሲያፈሱ የኖሩ ስለሆኑ ነገሩ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም።

ቁም ነገሩ እዚህ ጋ ነው። ሜዳልያ ከመጀመሪያውም እንዲበዛ የተሠራ ነገር ነው። ከአንድ ሞዴል ብዙ ቅጂ ይፈሳል፣ አንዱ በነሐስ፣ አንዱ በእርሳስ። ቅጂ የደረሰው ሰው ደግሞ ለወዳጁ ሊሰጥ ሲፈልግ ከቅጂው ላይ ፎርማ አውጥቶ ሌላ ያስፈስሳል። በ16ኛው፣ በ17ኛው፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመንም እንደዚሁ ተደርጓል። ብዙዎቹ ለማታለል የተሠሩ አልነበሩም። ስለዚህ «እውነተኛ» እና «ፎርጅድ» በሚሉ ሁለት ሣጥኖች ብቻ ከፍለን አንጨርሰውም። ትክክለኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ሞዴል ስንት ትውልድ ይርቃል የሚለው ነው።

ትውልዱን ከሚነግሩን ነገሮች አንዱ ልኬት ነው። የቀለጠ ነሐስ ሲበርድ ይኮማተራል። በዚህ ስፋት ባለ ሜዳልያ ላይ ልዩነቱ በየቅጂው ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊሜትር ይሆናል። ጥሩ የሚባሉት ቅጂዎች 11 ሴንቲሜትር አካባቢ ናቸው። የእርስዎ 10 ሴንቲ ከ6 ነው። ይህ ሁለት ወይም ሦስት ትውልድ የራቀ ቅጂ እንደሆነ ይጠቁማል። ግን በጠርዙ ልኬት ብቻ አልፈርድም። ጠርዝ በሞረድ ሊበላ ይችላል፣ አፍሳሹ ጠርዙን አስፍቶ ሊሠራውም ይችላል። የማይዋሸው የውስጥ ልኬት ነው። ካሊፐር (ትንንሽ ርቀት በትክክል የሚለካ መሣሪያ) ይዋሱና፣ ለምሳሌ ከላይኛው ጽሑፍ የመጀመሪያ ፊደል እስከ መጨረሻው ፊደል ያለውን ርቀት ይለኩ። ከዚያ ከአንድ ከታወቀ ቅጂ ጋር ያስተያዩት። ዋሽንግተን ያለው ናሽናል ጋለሪ ኦፍ አርት የዚህ ሜዳልያ ቅጂ አለው፣ ጥራት ያለው ፎቶና ልኬት ድረ ገጹ ላይ በነፃ ይገኛል።

ሁለተኛው ፊደሎቹ ናቸው። ወደ ሞዴሉ በቀረበ ቅጂ ላይ ፊደል ከመደቡ ላይ ቀጥ ብሎ ይነሣል፣ ሥሩ ንጹሕ ነው። ትውልድ በራቀ ቁጥር ሥሩ ይሞላል፣ ፊደሉ ሳሙና ላይ የተጻፈ ይመስላል። ንስሩ ላባ ላይም ይኸው ነው። የላባው መስመር አንድ በአንድ ከተለየ ደስ ይላል፣ ከተጨፈለቀ ወይም ኋላ በመሮ ተጭሮ ከጠለቀ ደግሞ ዘግይቶ የመጣ ነው። በማጉያ መነጽር ሲያዩት በመደቡ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ብዙ ቀዳዳዎች ካሉ ጥራት የሌለው አፈሳስ ነው።

ሦስተኛው ጠርዙ ነው። ዙሪያውን በጣትዎ ይዳስሱት። መሃሉ ላይ ሁለት ቅርፊቶች የተጋጠሙበት ቀጭን መስመር ካለ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በኤሌክትሪክ ዘዴ የወጣ ግልባጭ ሊሆን ይችላል። ያኔ ቤተ መዘክሮች ለማስተማሪያ እንዲህ ያሠሩ ነበር። እነሱ ፊታቸው እጅግ ጥርት ያለ ነው፣ ስለዚህ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ክብደታቸውና ድምፃቸው ግን አንድ ወጥ ነሐስ እንዳልሆኑ ይናገራል።

ቀዳዳው አያስጨንቅዎ። የድሮ ባለቤቶች ሜዳልያን ግድግዳ ላይ ለመስቀል ወይም ክር ለማስገባት ይበሱት ነበር። ጥሩ ጥሩ ቅጂዎችም የተበሱ አሉ። ነገር ግን የቀዳዳውን ውስጥ ይዩት። ውስጡ እንደ ፊቱ ከጠቆረ ቆይቷል። ቢጫ ሆኖ የሚያበራ ከሆነ በቅርብ የተበሳ ነው፣ በዚያው የብረቱን እውነተኛ ቀለምም ያሳይዎታል። ይበልጥ እርግጠኛ ለመሆን ከፈለጉ በኤክስ ሬይ የብረቱን ይዘት የሚለካ የእጅ መሣሪያ አለ፣ ሜዳልያውን አይጎዳም። ዚንኩ ከ30 በመቶ በእጅጉ ካለፈ ከፒሳኔሎ ዘመን ብዙ ቆይቶ የተሠራ ነው። ያኔ መዳብን ከዚንክ ማዕድን ጋር አብረው በማጋል ነበር ናስ የሚያወጡት፣ በዚያ ዘዴ ከዚያ ብዙ አይዘልም። ዚንኩ ዝቅ ማለቱ ብቻውን ግን ጥንታዊነትን አያረጋግጥም፣ ዛሬም ዝቅ አድርጎ መቀላቀል ይቻላል።

በነገሩኝ ብቻ ተነሥቼ አስተያየት ስጥ ካሉኝ፣ የእርስዎ ከፒሳኔሎ እጅ በቀጥታ የወጣ አይመስለኝም። በኋላ ዘመን ከቅጂ የተወሰደ ቅጂ ነው። ይህ ዋጋውን ዝቅ ያደርገዋል፣ ከንቱ ግን አያደርገውም። ንድፉ የፒሳኔሎ ነው፣ በእጅዎ ሲይዙት የሚያነቡትም እሱ ለአልፎንሶ የሠራለትን ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የፈሰሰ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ሰብሳቢዎች በደንብ ይፈልጉታል።

ስለ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ አጎትዎ ልክ ነበሩ። ነገሩ እንዲያውም ከዐፄው ቀደም ብሎ ይጀምራል። በ1427 ገደማ የዐፄ ይስሐቅ መልክተኞች ቫሌንሲያ ድረስ ሄደው አልፎንሶን አግኝተዋል፣ ገና ናፖሊን ሳይዝ። የጋብቻ ሐሳብ ተነሥቶ ነበር፣ የአልፎንሶ ወንድም ዶን ፔድሮ ኢትዮጵያዊት ልዕልት እንዲያገባ። ባለሙያዎችም ወደ ኢትዮጵያ ተልከው ነበር። በ1450 ደግሞ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ መልክተኞች ናፖሊ ገቡ። ከነሱ አንዱ ፒዬትሮ ሮምቡሎ የሚባል፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ ዘመን የኖረ የሲሲሊ ሰው ነበር። አልፎንሶ በዚያው ዓመት ለዐፄው ደብዳቤ ጻፈ። ቀደም ሲል የላካቸው 13 ባለሙያዎች መንገድ ላይ ማለቃቸውን አነሣ፣ መንገዱ ደኅና ከሆነ ሌሎች ለመላክ ፈቃደኛ እንደሆነም ገለጸ።

ይህ ማለት ሜዳልያው ወደ ኢትዮጵያ ተልኮ ነበር ማለት አይደለም። ግን ዓመቶቹን ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው። በ1449 ፒሳኔሎ ናፖሊ ቤተ መንግሥት ተቀጥሮ ንስሩን ይቀርጻል። በ1450 እዚያው ቤተ መንግሥት የእኛ መልክተኞች ይቆማሉ። የባለሙያዎች ጉዳይ ከንጉሡ ጋር ያገናኛቸዋል። በዚያው ዘመን ጣና ላይ፣ ዳጋ እስጢፋኖስ ያለው የእመቤታችን ሥዕል የሠዓሊውን የፍሬ ጽዮንን ስም ይዞ ተቀምጧል። ሠዓሊ ስሙ ከሥራው ጋር እንዲቆይ የተደረገበት አንድ ዘመን፣ በሁለት የተራራቁ ቤተ መንግሥታት። እኔ ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል። ለእናትዎ ሲሰጧትም ይህንን አብረው ይንገሯት።

ለመውሰድ ግን አትቸኩሉ እላለሁ፣ እርስዎም ቤተ ሰቡም። ከ70 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የጥበብ ሥራ ከጣሊያን ሲወጣ ለባህል ሚኒስቴሩ የኤክስፖርት ቢሮ መቅረብ አለበት፣ ሮምም ናፖሊም ቢሮው አለ። ርካሽ ቅጂ ከሆነ በወረቀት ብቻ ያልቃል። ሳያሳውቁ ሻንጣ ውስጥ ከተገኘ ግን ጣጣ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሁለቱንም ፊትና ጠርዙን አጠገቡ ማስመሪያ አስቀምጠው ፎቶ ያንሡ፣ በወጥ ቤት ሚዛን ይመዝኑት፣ የፊደሎቹን ልኬት ይጻፉ። ያን ይዘው ወደ አንድ የሜዳልያ ገማች ይሂዱና በጽሑፍ ግምት ያስጽፉ። ቢሮው ያንን ወረቀት ሊጠይቅዎ ይችላል።